የሮትዋይለር ቡችሎቼ ጅራት ይቆረጥ ወይስ ይቅር? ቀኑ እየሮጠብኝ ነው

የሎላ እማዬ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ባጭሩ ልጠይቅ ብዬ እጀምርና ሁሌ ይረዝምብኛል፣ ከወዲሁ ይቅርታ። ሮትዋይለሬ ሎላ ትናንት ሌሊት ወለደች። ዘጠኝ ነበሩ፣ አንዷ ሞታ ነው የወጣችው፣ ስምንቱ ግን እንደ ጉድ ይጠባሉ ተመስገን ነው። ለእኔም ለእሷም የመጀመሪያችን ስለሆነ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ሳጥናቸው አጠገብ ፍራሽ አንጥፌ ነው የማድረው።

ጉዳዩ ጅራታቸው ነው። ሎላን ያገናኘናት ወንድ ውሻ ባለቤት ዛሬ ጠዋት ደወለና እስከ አምስተኛው ቀን ካላስቆረጥሽ በኋላ ጣጣ ነው፣ ጅራት ያለው ሮት ደሞ ሮት አይባልም፣ ገዢም አታገኚለትም አለኝ። ቀድመው ቡችላ ካስያዙኝ ሰዎችም ሁለቱ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ጅራቱ ተቆርጧል?" ብለው ነው፣ ጤናቸውን እንኳን አልጠየቁም። ሎላ ራሷ ሳመጣት ተቆርጣ ስለነበር እኔ እውነቴን ነው የምላችሁ ለረጅም ጊዜ ሮት ሲፈጠር ጀምሮ እንደዛ ነው የሚመስለኝ የነበረው፣ ሳቁብኝ ችግር የለም።

ጎረቤቴ ደሞ ለዚህ ምን ሐኪም ያስፈልጋል፣ ላስቲክ ጠበቅ አርገን እናስርባቸውና በጥቂት ቀን ራሱ ደርቆ ይወድቃል፣ በግ ላይ ሲደረግ አይቻለሁ፣ ነገ መጥቼ አስርልሻለሁ ብሎኛል። ሰውዬው ክፋት የለውም፣ ሊረዳኝ ነው።

ግን ሲጠቡ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ያቺ ከትንሿ ጣቴ የማትበልጥ ጅራት ወተቱ ሲመጣላቸው ቀጥ ትልና ትንቀጠቀጣለች፣ ስምንቱም ተደርድረው ስምንት ጅራት ባንዴ። ይሄን አይቼ እንዴት ብዬ ነው የማስቆርጠው፣ ደሞ ሳላስቆርጥ ቀርቼ ቤት ባያገኙስ?

ሌላው ትርፍ ጥፍራቸው ነው። ከመዳፋቸው ከፍ ብላ በውስጥ በኩል ያለችዋ፣ ዲውክሎ የሚሏት። የፊት እግራቸው ላይ ሁሉም አላቸው፣ አንዱ ወንድ ግን የኋላ እግሮቹም ላይ አለው፣ የኋላዋ ደሞ በቆዳ ብቻ የተንጠለጠለች ነው የምትመስለው፣ ስነካት ወዲያ ወዲህ ትወዛወዛለች። እሷንም የፊቱንም አብረሽ አስነሽው ተብያለሁ። ያሳለፋችሁት ካላችሁ ምን አደረጋችሁ? ሦስት ቀን ነው የቀረኝ።


ጋሽ ሮት፦

እንኳን ማርያም ማረቻት ለሎላ፣ ስምንት ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያዋ እንዲያውም ብዙ ነው።

እኔ ሮትና ቦክሰር ሳረባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል እና ልጄ ባትሆኚ እንኳን እንደ ልጄ ልምከርሽ። አስቆርጪ። የሮት ቅርፅ ከጭንቅላቱ ጀምሮ እስከ ኋላው አንድ ላይ ነው የሚታየው፣ ኋላው ላይ ረጅም ጅራት ሲጨመርበት ሌላ ውሻ ነው የሚሆንብሽ። የአሜሪካው ኬኔል ክለብ (የውሻ ዝርያ መዝጋቢው ማህበር) ስታንዳርድም፣ ዝርያው ምን መምሰል እንዳለበት የሚጻፈው መመዘኛ ማለቴ ነው፣ እኮ አጥሮ የተቆረጠ፣ አንድ ወይ ሁለት አንጓ ብቻ የቀረ ነው የሚለው፣ እኔ ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም። ድሮም ይሄ ውሻ የሥጋ ነጋዴ ውሻ ነው፣ ከብት ይነዳል ጋሪ ይጎትታል፣ ጅራቱ የጋሪው ማሰሪያ ውስጥ እንዳይገባበት ነው የሚቆርጡት ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ነው የሚደረገው። ክብደታቸውን መዝኚ፣ ያልጨመረ ወይም ደከም ያለ ካለ እሱን አታስነኪ፣ ይቆይ። እናትየዋን ከቤት አውጫት፣ ሲጮሁ ከሰማች ትረበሻለች። ቡችላው አንዴ ጯ ይላል ከዛ እናቱ ስር ስታስገቢው ይጠባል ይተኛል፣ አለቀ። በዛ እድሜ ነርቩም ገና ስለሆነ ያን ያህል አይሰማቸውም። ጥፍሩንም የፊቱንም የኋላውንም አብሮ፣ አንድ ጊዜ ተይዘው ሁሉም ይለቅ። በኋላ ካደገ ጥፍሩ የሆነ ነገር ይዞበት ተገንጥሎ ደም በደም ከመሆን ይሻላል።

ላስቲክ ግን እኔም አልወድም። የለመደ ሐኪም ፈልጊ።


ቬት በረፍት ሰዓቱ፦

ሎላ እማዬ እንኳን ደስ ያለሽ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጋሽ ሮትን አከብራቸዋለሁ፣ ደካማውን አታስነኪ ያሉትም ትክክል ነው፣ ግን "አይሰማቸውም" የሚለውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ከላስቲኩ ልጀምር ምክንያቱም ጎረቤትሽ ነገ ነው የሚመጣው። እንዳታስነኪ። ላስቲኩ ደሙን አንቆ ነው ጅራቱን የሚገድለው፣ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚያልቅ ሳይሆን ሥጋው ቀስ እያለ የሚሞትበት ቀናት ነው፣ እዛ መሀል ደሞ እናትየው እየላሰች እየነከሰች፣ ሳጥኑ እርጥብ፣ ስምንቱ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንከባለሉ። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ኢንፌክሽን ለዛ መጠን ላለው ፍጥረት ቀልድ አይደለም። ጎረቤትሽን ሻይ ጋብዢውና ሸኚው።

ሕመሙን በተመለከተ። የሕመም ነርቭ ሲወለዱ አለ። ገና ያልጨረሰው ሌላው ነው፣ ከአንጎል ወርዶ ሕመሙን የሚያቀዘቅዘው መስመር፣ ስለዚህ ነገሩ ወደ ተቃራኒው ነው የሚሄደው፣ ከትልቅ ውሻ ይበልጥ ሊሰማቸው ይችላል እንጂ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት አለ፣ 50 ቡችሎች፣ ዶበርማን ሮትዋይለርና ቡቪዬ፣ ሲቆረጡ አጠገባቸው ሆነው ጩኸቱን ቆጥረዋል፣ በአማካይ ሃያ አራት ጊዜ ነው እየጮሁ የነበረው። አንዴ አይደለም። በደቂቃዎች ውስጥ ተኝተዋል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ዓይኑ ያልተገለጠ ጆሮው ያልተከፈተ ቡችላ ከመጥባትና ከመተኛት ሌላ ምን ማድረግ ይችላል? መተኛቱ እንዳላመመው ማስረጃ አይሆንም። ደሞ በዛ እድሜ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ያለ ምንም ማደንዘዣ ነው፣ "እስከ አምስተኛው ቀን" የሚባለውም ለዚህ ነው፣ እሱ ካለፈ ሳምንታት ጠብቆ ሙሉ ሰመመን የሚፈልግ ኦፕሬሽን ይሆናል። ቀኑ ሲያልፍ ጣጣው የሚበዛው ለእኛ ነው እንጂ ለቡችላው በሦስተኛው ቀን ቀሎት አይደለም።

ስታንዳርድ የሚባለውን ደሞ። ስታንዳርድ አንድ አይደለም። ሮት የጀርመን ውሻ ነው፣ ስሙም ሮትቫይል ከምትባል የጀርመን ከተማ ነው፣ እና ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ጅራት መቁረጥ ከልክላለች። የዓለም አቀፉ የውሻ ማህበራት ፌዴሬሽን (ኤፍሲአይ) ስታንዳርድ ላይ የሮት ጅራት ተፈጥሯዊ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ውሻው በመጣበት አገር ትክክለኛ ሮት ማለት ጅራት ያለው ነው። የአሜሪካው ጋሽ እንዳሉት ነው፣ ግን እዛው አሜሪካ የሐኪሞቹ ማህበር ለውበት ተብሎ መቁረጥን ይቃወማል። ኖርዌይ ከ1987፣ ስዊድን ከ1989፣ እንግሊዝ ከ2007፣ ኒውዚላንድ ከ2018 ጀምሮ ከልክለዋል (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው)። እንግሊዝ ውስጥ እንዲያውም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2007 በኋላ የተቆረጠ ውሻ ሕዝብ ከፍሎ በሚገባበት የውሻ ውድድር (ሾው) ላይ አይቀርብም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትኖሪበትን አገር ሕግ አጣሪ፣ ከተከለከለ ውይይቱ እዚህ ጋ አለቀ።

"በኋላ ይጎዳበታል" ለሚለው፣ ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ነበር፣ ከ138,000 በላይ ክሊኒክ የመጡ ውሾች ታይተው የጅራት ጉዳት የነበረባቸው 0.23 በመቶ ናቸው ነው ያሉት። አንድ የጅራት ጉዳት ለመከላከል አምስት መቶ ያህል ቡችላ መቁረጥ ማለት ነው። አምስት መቶ! ሥራዬ ስለሆነ የተጎዳ ጅራት አያለሁ፣ የለም አልልም፣ ግን ሂሳቡን አስቢው።

አሁን ጥፍሩ። ሰው የሚሳሳተው የፊቱንና የኋላውን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። የፊቷ ጣት ናት፣ እንደ አውራ ጣትሽ አጥንት መገጣጠሚያ ጅማት ያላት። ውሻው አጥንት ሲበላ አይተሽ ከሆነ በእሷ ነው ደግፎ የሚይዘው፣ ሲሮጥ ኖሮ ድንገት ሲታጠፍም የፊት እግሩ አንጓ መሬት እስኪነካ ዝቅ ሲል እሷ መሬቱን ትይዛለች። ይህችን በቡችላነት ማንሳት ጣት መቁረጥ ነው። መሬት ስለማትነካ ግን አትፋቅም፣ ካልተቆረጠች እየዞረች መጥታ ሥጋው ውስጥ ትገባለች፣ ጋሽ የሚሉት መገንጠልም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥፍሯ ስለረዘመች ነው። መፍትሄው ጥፍር መቁረጫ ነው እንጂ መቀስ አይደለም።

የኋላዋ ሌላ ናት። አብዛኛው ውሻ ጭራሽ የለችውም፣ ያለውም አንዳንዴ ያለ አጥንት በቆዳ ብቻ ትንጠለጠላለች፣ እንደ ነገርሽኝ ያንቺ ልጅ እንደዛ ይመስላል፣ እንደዚህ አይነቷ ሳርም ጨርቅም ይይዛታል እና ማስነሳቱ ምክንያት አለው። ሐኪም በጣቱ ይዳስስለት፣ አጥንት ከሌላት በትንሽ ማደንዘዣ ትነሳለች፣ ካላት ደሞ ምንም አያስቸኩልም፣ አድጎ ሲኮላሽ በዛው ሰመመን ይደረጋል። (በነገራችን ላይ ቦሰሮን የሚባለው የፈረንሳይ እረኛ ውሻ የኋላ ጥፍሩ ሁለት ሁለት ካልሆነ ከሾው ይባረራል፣ የሮት የአሜሪካ ስታንዳርድ ደሞ የኋላዋ ትውጣ ይላል። እንግዲህ እግዜር ነው ስታንዳርድ ጸሐፊው የተሳሳተው?)

ክሊኒክ የምትወስጂው ከሆነ ሙቀቱን ጠብቂ። በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳን አይችሉም፣ የራሳቸው ሙቀትም ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ነው ከኛ ያነሰ፣ ብርድ ከመታቸው መጥባት ያቆማሉ። ሙቅ ውሃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ አጠገቡ አድርጊ።


ስፓኒየል ያሰለቸው፦

ዶክተር ያሉት ጥሩ ነው ግን ሌላኛው ወገን ያየውን ሰው ደሞ ስሙ። እኔ የምሠራበት ኮከር ስፓኒየል አለኝ፣ ቁጥቋጦና እሾህ ውስጥ ገብቶ ወፍ የሚያስነሳ፣ ጅራቱ አልተቆረጠም ነበር ምክንያቱም ያረባችው ሴትዮ አታስቆርጥም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የወሰድኩት። ይሄ ውሻ ሥራ ላይ እያለ ጅራቱ አንድ ሰከንድ አይቆምም፣ እሾህ ውስጥ እያለ ጅራፍ እንደማጮህ ነው። በመጀመሪያው ሲዝን ጫፉ ተላጠ፣ አሰርነው ዳነ፣ በሁለተኛው እንደገና፣ ቤት ሲገባ ደስ ብሎት ሲቆላ ግድግዳው ላይ ደም ይረጭ ነበር፣ ከበሩ እስከ ማእድ ቤቱ ድረስ በወገብ ቁመት የደም ነጠብጣብ መስመር አስቡት፣ ባለቤቴ ቀለም እንደገና ነው ያስቀባችው። ፋሻ ስናረግ ይበላዋል፣ አንገቱ ላይ ቁስሉን እንዳይነክስ የሚደረገውን ፕላስቲክ ስናረግ በሱ እየመታ ይቆላል። በሦስት ዓመቱ በሙሉ ሰመመን አስቆረጥነው፣ ቁስሉ አንዴ ተከፍቶ ተደገመ። ይሄን ሁሉ ካየሁ በኋላ ለሥራ ስፓኒየል ጫፉን በቡችላነት መቁረጥን የሚደግፍ ሰው ክፉ ነው ልል አልችልም። ስኮትላንድም እ.ኤ.አ. በ2007 ከከለከለች በኋላ በ2017 መልሳ ለሥራ ስፓኒየሎችና ለአዳኝ ጠቋሚ ውሾች ብቻ የጅራቱን የመጨረሻ አንድ ሦስተኛ ሐኪም እንዲቆርጥ ፈቅዳለች፣ ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን ልብ በሉ፣ አንድ ሦስተኛውን። ጫፉን። የሮት ደሞ የሚቆረጠው ከሥሩ ነው፣ ሮት ደሞ እሾህ ውስጥ ምን ይሠራል? ግቢ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ የኔን ታሪክ ለሮት ምክንያት እንዳታረጉት፣ ሰው ሁሌ የስፓኒየሉን ጉዳት አምጥቶ የዶበርማኑን ጅራት ያስቆርጥበታል፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።


የሎላ እማዬ፦

አምላኬ ይሄን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም፣ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሼ እርስዎንም፣ ልጄ ብለው ስለመከሩኝ። ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ ሕጉን አየሁት፣ እኔ ያለሁበት አልተከለከለም፣ ስለዚህ ኳሱ የኔ ሜዳ ላይ ነው ማለት ነው፣ ተከልክሎ ቢሆን ኖሮ እገላገል ነበር እውነቱን ለመናገር።

ጎረቤቴ ላስቲኩን ይዞ መጥቶ ነበር። ሳጥኑ ጋ ጎንበስ ሲል ሎላ ተነስታ በሱና በልጆቿ መሀል ቆመች፣ አልጮኸችም አላጉረመረመችም፣ ዝም ብላ ቆመች። ሰውዬው ራሱ ላስቲኩን ኪሱ ከተተው። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

አሁን የቀረኝ የገዢዎቹ ነገር ነው። የወንዱ ባለቤት አሁንም እየደወለ ነው፣ እሱ አንድ ቡችላ ድርሻ አለውና የሱን ልቆርጠው ነው ይላል። ድርሻው ቢሆንም አሁን እኔ ቤት ነው ያለው፣ ምን ልበለው?


የዱክ አባት፦

እህቴ አትስጭው፣ ስምንት ሳምንት ሞልቶት ይወሰድለታል እንጂ በሦስት ቀኑ ማንም አይወስደውም፣ እሱን ብቻ በይው፣ ከዛ ወዲያ ቀኑ ያልፋል።

እኔ የማወራው ከዶበርማን ነው። ዱክን ስወስደው ጅራቱም ጆሮውም ተቆርጦ ነው፣ አርቢው ማን እንደቆረጠው አልነገረኝም እኔም አልጠየቅኩም። ጅራቱ በጣም አጥሮ ነው የተቆረጠው፣ ጫፉ ላይ ፀጉር የሌለው የሚያብለጨልጭ ጠባሳ አለ። ሁለት ዓመት ሲሆነው ማንም ሰው ወገቡ አካባቢ ሲነካው ዞሮ ጥርሱን ማሳየት ጀመረ፣ ከዛ በፊት ሕፃን የሚጋልበው ውሻ። እኛ ባህሪው ተበላሸ ብለን አሰልጣኝ ስንቀይር ስንት ወር። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ጣቷን ጫፉ ላይ ብቻ አስቀመጠችበት፣ አልጫነችም፣ አስቀመጠች፣ ውሻው ጠረጴዛው ላይ እየጮኸ ሸና። የተቆረጠው ነርቭ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ሠርቶ ነው፣ ኒውሮማ ይሉታል። እንደገና ተከፍቶ ጠባሳው ተነስቶለት ነው የዳነው፣ ያውም ከነካኩት አሁንም ይሸሻል። ሁሉም የተቆረጠ ውሻ እንደዚህ ይሆናል አላልኩም፣ ብዙው አይሆንም። ግን የኔ ሆነ፣ ለምን ሲባል? ለመልክ።

አንድ ሌላ ነገር ዶክተርም አላነሱትም። ዶበርማን ላይ ቮን ዊለብራንድ የሚባል ደም ቶሎ የማይረጋበት የዘር በሽታ ብዙ ነው። የዱክ ወንድም ጅራቱ የተቆረጠ ቀን ደሙ አልቆም ብሎ ሞቷል፣ በኋላ ነው የሰማሁት። ዶበርማን ያላችሁ ወላጆቹን በዲኤንኤ አስመርምሩ፣ መቁረጥ አለመቁረጡ እንዳለ ሆኖ፣ ነገ ማምከንም ይመጣል።

ሌሎች ውሾች ደሞ አይገባቸውም። ዱክ መናፈሻ ውስጥ ሲቀርብ ቆመው ያዩታል፣ እየቆላ ነው ወይስ ሊጣላ ነው የሚለውን ከየት ያንብቡት። ካናዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነ ሙከራ አለ፣ የውሸት ውሻ ሮቦት ሠርተው አንዴ ረጅም አንዴ አጭር ጅራት እያረጉለት፣ ትልልቆቹ ውሾች ረጅሙ ሲቆላ ሳይንቀሳቀስ ከቆመበት ጊዜ ይበልጥ ይቀርቡታል፣ አጭሩ ላይ ግን ቢቆላም ባይቆላም ልዩነት አላሳዩም። እኔ ይሄን ሳነብ ዱክን ነው ያየሁት።


ጋሽ ሮት፦

የዱክ አባት እግዜር ይማርልህ፣ ያ ያልለመደ ሰው የሠራው ነው። የኔ ውሾች ላይ እንደዛ ያለ አንድም አላየሁም።

ደሞ ልጨምር፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ መከራከር ቀላል ነው፣ ገዢ ሲመጣ ግን ሁለት ቡችላ ጎን ለጎን አስቀምጪለት የተቆረጠውን ነው የሚያነሳው። ይሄን ሃያ ዓመት አይቻለሁ። ዓይን የለመደውን ነው የሚፈልገው።

ዶክተር ግን የኋላና የፊት ጥፍር የለየበትን ተቀብያለሁ። የፊቱን በነሳኋቸው ውሾች ላይ ስታረጅ የፊት አንጓዋ ያበጠች አንዲት ነበረችኝ፣ ከሱ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር፣ አሁን ሳስበው አላውቅም።


ኮርጊ ናት የኔዋ፦

ይሄን ሁሉ ከምትከራከሩ ሳይቆረጥ አጭር ሆኖ የሚወለድ ለምን አታረቡም? የኔዋ ፔምብሮክ ኮርጊ ስትወለድ ጀምሮ ጅራቷ ጉቶ ነው፣ ማንም አልነካትም።


ቬት በረፍት ሰዓቱ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ተሞክሯልም። ብሩስ ካታናክ የሚባሉ እንግሊዛዊ የጄኔቲክስ ባለሙያ ቦክሰር አርቢም ነበሩ፣ ክልከላው እንደሚመጣ ስላወቁ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቦክሰርን ከኮርጊ ጋር አዳቅለው ከዛ እየመለሱ ወደ ቦክሰር በማራባት ጉቶ ሆኖ የሚወለድ ቦክሰር አውጥተዋል፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ኮርጊ የነበረበት እንኳን አይመስልም። ግን ጉቶ የሚያደርገው ዘረመል (ጂን) አንድ ተንኮል አለው፣ ከእናትም ከአባትም ሁለቱንም ቅጂ የወሰደው ፅንስ ማህፀን ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ጉቶን ከጉቶ አታገናኝም፣ ካገናኘህ ከአራት አንዱ ገና ሳይወለድ ይሄዳል፣ የሚወለዱት ቁጥራቸው ያንሳል። አንዱ ጉቶ ሌላው ባለ ጅራት ሆኖ ነው የሚገናኘው፣ ከሚወለዱትም ግማሽ ያህሉ ረጅም ጅራት ይዘው ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ያው ረጅሙን ጅራት መውደድ አይቀርልህም።

ጋሽ፣ ያቺን ያበጠችውን ስላነሱ አመሰግናለሁ። በእርግጠኝነት ከዛ ነው ማለት አይቻልም፣ ሮት ላይ ለመገጣጠሚያ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ።


የሎላ እማዬ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)፦

ወገኖች ጠፋሁ፣ ስምንት ቡችላ ያለው ሰው አይፈረድበትም።

አላስቆረጥኩም። በአምስተኛው ቀን ማታ ሰዓቴን ሳይ ነበር፣ ልክ ፈተና እንዳለፈ ሰው ተነፈስኩ። የወንዱ ባለቤት ለአስር ቀን አኮረፈኝ፣ ከዛ መጥቶ አያቸውና ድርሻዬ ያቺ ትሁን ብሎ ከሁሉም ረጅም ጅራት ያላትን መረጠ፣ ምንም አልተናገርኩም፣ ምላሴን ነክሼ ነው ዝም ያልኩት።

ያ የኋላ ጥፍር ያለው (አሁን ስሙ ሻምበል ነው) በአራተኛው ቀኑ ከሎላ ጋር ክሊኒክ ወሰድኩት፣ ጠርሙሱን እንደተባልኩት በፎጣ ጠቅልዬ። ሐኪሟ በሁለት ጣቷ ይዛ ዳሰሰችና አጥንት የለም አለች፣ ማደንዘዣዋን ወጋችው፣ በየእግሩ አንድ አንድ ስፌት፣ መልሼ መኪና ውስጥ ሎላ ስር ሳስገባው ጠባ። አንድ ሁለቴ ነው የጮኸው። ቆጠርኩ፣ የጥናቱን ነገር ካነበብኩ በኋላ መቁጠር ጀምሬያለሁ።

ከገዢዎቹ አንዱ "እንደዛ ከሆነ አልፈልግም" ብሎ ሄደ። ሌላዋ ቤቴ መጥታ ስታያቸው ሰባቱ ተያይዘው ሲሮጡ ጅራታቸው እንደ ባንዲራ ቆሞ ነበር፣ ስቃ ስቃ ወሰደች። ጋሼ እንዳሉት ያልተቆረጠው አይነሳም ነው የሚባለው ግን እኔ ጋ ጎን ለጎን የሚቀመጥ የተቆረጠ ስላልነበረ ማንም አላወዳደረም። አሁን ሁለት ነው የቀሩኝ። የውሃ ሳህናቸውን በጅራታቸው ነው የሚደፉት፣ በቀን አራቴ ወለል እወለውላለሁ፣ ይሄንን ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅና ልሂድ። የፊቷ ጥፍር እንደ መንጠቆ ሆናለች፣ ሹራቤ ላይ ስትይዝ ክሩን ይዛ ትመጣለች። በየሳምንቱ ልቁረጥ እላለሁ ግን ጥፍራቸው ጥቁር ስለሆነ የደም ሥሩ የት ጋ እንደሚጀምር አይታየኝም፣ አንዴ ነክቼው ደምቷል፣ እኔም አለቀስኩ እሱም አለቀሰ። እንዴት ነው የምታደርጉት?


ጋሽ ሮት፦

ጫፍ ጫፉን ብቻ፣ እንደ ስንዴ ቅንጣት። የቆረጥሽውን ፊት ለፊት እያየሽ ሂጂ፣ መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ለስለስ ያለ ነጥብ ሲመጣ እዛ ጋ አቁሚ፣ ከዛ ቀጥሎ ደም ነው። ብትሳሳቺ ትንሽ የበቆሎ ዱቄት አስነኪና ለጥቂት ደቂቃ ጫን አርገሽ ያዢው። እየጠቡ ሳሉ ቁረጪላቸው፣ አይሰሙሽም።

ከቀሩሽ ከሁለቱ ደሞ የአንዷን ፎቶ ላኪልኝ እስቲ፣ ከነጅራቷ።